«ልጅቱን ጠየቋት ወይ?»

መቼም የአሰላ ልጅ ስለ ፊልምና ስለ ቴአትር አስተያየት አጥቶ አያውቅም። የአዲስ አበባ ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ «ተዋናይቱ ጥሩ ናት፤ ታሪኩ ግን ተንዛዛ» ብሎ ወደ ታክሲው ይሄዳል። እኛ ዘንድ ዳኝነቱ ከዚህ ይከብዳል። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት በተከፈተበት ዘመን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን የህንዱንም የአሜሪካውንም ፊልም ስናይ፣ ከመካከላችን አንዱ ሳያስበው «ውሸት!» ብሎ ይጮህ ነበር። ጀግናው ከፎቅ ዘሎ ሳይሰበር ሲነሣ፣ «ውሸት!»። ስድስት ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ሃያ ጊዜ ሲተኮስ፣ «ውሸት!»። የምናየው ነገር ሁሉ የፈጠራ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ውሸቱ ልክ እንዲኖረው እንፈልግ ነበር።

እንግዲህ ስለ ራሳችን የተሠራ ፊልም የመጣ ዕለት ምን ዓይነት ችሎት እንደ ተቀመጠ አንባቢ ይገምተው።

ያ ፊልም «ኢንዱራንስ» ይባላል፤ «ጽናት» ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ አዘጋጅቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ለዓለም ያሠራጨው ነው። ታሪኩ የአሰላው ልጅ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ነው፤ በሐምሌ 1988 ዓ.ም በአትላንታ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀበት ሩጫና ወደዚያ ያደረሰው የልጅነት መንገድ። ልጁን ኃይሌን ሆኖ የሚጫወተው የሥጋ ዘመዱ ነው። እናቱን ሆና የምትጫወተው የገዛ እኅቱ ናት። ካደገ በኋላ ያለውን ኃይሌን ደግሞ የሚጫወተው ማን መሰላችሁ? ራሱ ኃይሌ።

ፊልሙ አሰላ ሲደርስ ቪዲዮ ቤቱ ጢም አለ። አስተያየቱ እንደ ጉድ ወረደ። «ያ ወንዝ የትኛው ነው?» «ይኼ አጨዳ በየትኛው ወር የተነሣ ነው? ገብሱ እኮ ገና አልደረሰም!» ከኋላ የተቀመጠ አንድ ገበሬ፣ በሬዎቹ የማን እንደ ሆኑ አውቄአለሁ ብሎ እስከ መጨረሻው ድረስ ተከራከረ። የጭላሎ ተራራ በመጋረጃው ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ይጨበጨባል። ያ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ከተወለድን ጀምሮ ከበራችን ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ አጨብጭበንለት አናውቅም፤ በፊልም ሲመጣ ግን አጨበጨብንለት።

አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። በዚያ ሁሉ ክርክር መሐል «ውሸት!» ያለ ሰው አልነበረም። ልጁ ደብተሩን በግራ እጁ ሸጉጦ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ቤት ሲሮጥ ሁላችንም ዝም ብለን አየነው። ኃይሌ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳ ሲሮጥ ግራ ክንዱን እጥፍ የሚያደርገው ከዚያ የደብተር ልማድ የተነሣ መሆኑን ዓለም ያወራል፤ እኛ ደግሞ የዚያን መንገድ አቧራ እናውቀዋለን። በዚያ ላይ የታሪኩ ባለቤት ፊልሙ ውስጥ አለ። እርሱ ራሱ «አዎ፣ እንዲህ ነበር» ብሎ በገዛ እግሩ እየሮጠ መስክሯል። ባለቤቱ ከመሰከረ ሌላው ምን ይላል?

ይህን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኃይሌ በአትላንታ በሮጠበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ በ1996፣ በዚያው በአርሲ ደጋ ሌላ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። እርሷም ደብተር ይዛ ነበር። ዕድሜዋ 14 ነው። በፈረስ የመጡ ወንዶች መንገድ ላይ ጠለፏት። ጠላፊው አስገድዶ ደፈራት። ልታመልጥ ስትሮጥ የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ነበርና፣ ሲደርስባት ተኮሰች፤ ሞተ። ልጅቱ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ጉዳይዋን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ በግንባር ቀደምነት የቆመችላት መዓዛ አሸናፊ ነበረች፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው መዓዛ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ «ራሷን ተከላክላለች» ብሎ በነጻ አሰናበታት። ወደ መንደሯ መመለስ ግን አልቻለችም።

የልጅቱን ስም ዓለም ያውቀዋል። እኔ ግን እዚህ አልጽፈውም። ለምን እንዳልጻፍኩት በመጨረሻው ላይ ግልጽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ራሴ ቤት አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል።

በእኛ ቤት በየዓመት በዓሉ፣ ጠላው ከተቀዳ፣ ሥጋው ከተቆረጠ በኋላ፣ አጎቴ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። የአክስቴ የጠለፋ ታሪክ ነው። ነገሩ የሆነው በ1957 ዓ.ም ነው። አክስቴ ያን ጊዜ «እርሳቸው» አልነበሩም፤ የአሥራ አምስት ዓመት «እሷ» ነበሩ። ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ጠላፊዎቹ ከታር ወንዝ ዳር አድፍጠው ቆዩአቸው። አጎቴ ሲተርኩት በቅሎዋ ወንዙ መሐል ደንግጣ ትቆማለች፤ ሙሽራው ባርኔጣው ውኃ ይወስድበታል፤ ባርኔጣውን ልያዝ ሲል ራሱ ይወድቃል፤ አንዱ ሚዜ ደግሞ ሙሽራይቱን ትቶ ሙሽራውን ከወንዝ ያወጣል። እኛ ልጆቹ በሳቅ እንፈነዳ ነበር። ታሪኩን በቃላችን እያወቅነው እንኳ «ባርኔጣውን! ባርኔጣውን ድገሙት!» እንል ነበር። አክስቴ ያን ጊዜ ወይ ቡና ይቆላሉ ወይ ወጥ ያወጣሉ። ሲስቁ ግን አይቻቸው አላውቅም፤ ይህንንም ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ይህ የቤታችን ሳቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመድረካችንም ላይ ጠለፋ መጀመሪያ የገባው በሳቅ በር ነው። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ የጻፈው «ጠልፎ በኪሴ» ኮሜዲ ነው። ዘመናዊ ነን የሚሉ የከተማ ወጣቶች ለጓደኛቸው ሚስት በጠለፋ ሲያመጡለት የሚፈጠረውን ግራ መጋባት እያሳየ ያስቃል። ስለ መንግሥቱ ለማ የፈለገውን ያህል ቢወደስ አይበዛበትም፤ ቀልዱ የሚወጋው የተጠለፈችውን ሳይሆን ጠላፊዎቹን መሆኑን ማንም ያነበበው ያውቃል። አንድ እግራቸውን ዘመናዊነት ላይ፣ አንድ እግራቸውን ባህል ላይ አድርገው መሐል ላይ የሚንገዳገዱትን ወጣቶች ነው የሳቀባቸው። ቢሆንም ተመልካች ከአዳራሽ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ይዞት የሚገባው ሳቁን ነው። ጠለፋ በዚያ ዘመን ገና የሚሳቅበት ነገር ነበር። አጎቴም በራሳቸው መንገድ የዚያ ዘመን ደራሲ ነበሩ።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ነገሩ እንዲህ ነው። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ብሎታል። ቅጣቱ ቢበዛ ሦስት ዓመት እስራት ነው። ከሥሩ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ የተጠለፈችው ከጠላፊዋ ጋር በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክስ አይቀርብም። አክስቴ በተጠለፉ በሳምንቱ ሽማግሌ ተላከ፤ ካሳ ተቆረጠ፤ ጋብቻው ጸና። በሕጉም በሽማግሌውም ዓይን ነገሩ አለቀ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። አክስቴ 15 ሞልቷቸዋል። የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ከአንድ ነገር በቀር።

ይህ ቀዳዳ የእኛ ኋላ ቀርነት የፈጠረው ብቻ አድርገን እንዳናየው፣ አንድ የባሕር ማዶ ነገር ላምጣ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቀው ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነው። ተመሳሳይ ቀዳዳ በአውሮፓም ነበር። በጣሊያን አገር ሲሲሊ ውስጥ፣ አልካሞ በምትባል ከተማ፣ ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ልማዱ «አግቢውና ክብርሽ ይመለስ» ነው፤ ሕጉም ካገባችው ወንጀሉ ይሰረዛል ይላል። ልጅቱ «አላገባም» አለች። ጠላፊው ተፈርዶበት ታሰረ። በ1970 ዳሚያኖ ዳሚያኒ የተባለው አዘጋጅ ታሪኳን መነሻ አድርጎ «ከሁሉ የተዋበችው ሚስት» የሚል ፊልም ሠራ። ሕጉ የተሰረዘው ግን በ1981 ነው፤ ፊልሙ ከወጣ ከ11 ዓመት በኋላ። በጣሊያን ፊልም ሕጉን ቀደመው።

በእኛ አገር የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ፣ በአንቀጽ 587፣ የጠለፋን ቅጣት ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት አደረሰው፤ ጠላፊው ኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም ብሎ ያንን ቀዳዳ ደፈነው። የዚያች የአርሲ ልጅ ጉዳይ በጋዜጣም በውጭ አገር ቴሌቪዥንም ተነግሮ ስለ ነበር ነገሩን ከገፉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999፣ ማለትም «ኢንዱራንስ» በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ሻርሎት ሜትካፍ የተባለች እንግሊዛዊት ስለ ልጅቱ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም በቢቢሲ ታይቷል። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ደጋ ሁለት ፊልም ለዓለም ወጣ። አንዱ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ወደ ኦሎምፒክ ስለ ደረሰ ልጅ፤ ሌላው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ወህኒ ስለ ደረሰች ልጅ። እኛ አሰላዎች ያጨበጨብነው ለአንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቪዲዮ ቤታችን አልደረሰም።

ታሪኩን በአገራችን ልጆች እጅ በልብ ወለድ ፊልም መልክ ለማየት እስከ 2006 ዓ.ም መቆየት ነበረብን። «ድፍረት» ነው። የጻፈውና ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ነው። ዝነኛዋ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ሰጥታ ደግፋዋለች። በጥር ወር በአሜሪካ በሰንዳንስ ፌስቲቫል፣ በየካቲት በበርሊን ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አገኘ። መዓዛን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት።

አስተያየቴን ልስጥ፤ ለዚህ አይደል የተቀመጥነው?

በመጀመሪያ ርእሱ። ከዚህ የተሻለ ርእስ ለአማርኛ ፊልም ወጥቶ አያውቅም ብል አላጋነንኩም። በቋንቋችን «ደፋር» የሚባለው ጀግናውም ነው፣ ባለጌውም ነው። «ደፈረ» ስንል በርትቶ ተጋፈጠ ማለትም ነው፣ ሴት ልጅን በግድ ነወረ ማለትም ነው። ጠላፊውም ደፈረ፤ ልጅቱም ደፈረች። አንድ ቃል ሁለቱን ይዞ ፖስተሩ ላይ ቆሟል። ፈረንጅ ይህን ሊያነበው አይችልም፤ የእኛ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የደነቀኝ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ፊልሙ ከተማ ውስጥ ያለውን ፍርድ ቤትና ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ሸንጎ ጎን ለጎን ያስኬዳቸዋል። ሽማግሌዎቹን አራዊት አላደረጋቸውም። ተራ ጠብቀው ይናገራሉ፤ የሟች ወገን ያዝናል፤ ደም እንዳይፋሰስ ይጨነቃሉ። የደም ካሳ ነገር በፊልማችን አዲስ አይደለም፤ ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሠራው «ጉማ» ይህንኑ ልማድ የሚያሳይ ነበር። «ድፍረት» ላይ የጨመረው ነገር ግን አለ። በዚያ ሸንጎ ውስጥ አንዲት ሴት የለችም። ሁሉም ስለ እርሷ ይናገራል፤ እርሷ የለችም።

ነቀፌታዬም አለ። በአርሲ ገጠር ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ሽማግሌ የሚሟገተው በኦሮምኛ ነው። ፊልሙ ሁሉንም በአማርኛ አናገራቸው። የቪዲዮ ቤቱ ጓደኞቼ ቢኖሩ እዚህ ላይ «ውሸት!» ማለታቸው አይቀርም ነበር። ከቋንቋው ጋር ሌላም ነገር ቀርቷል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሲንቄ የሚባል በትር አለ። በወግ ስትዳር ለሙሽራይቱ እናቷ የምትሰጣት ነው። ባለ ሲንቄ ሴት ስትበደል እሪ ትላለች፤ ሴቶቹ ሲንቄአቸውን ይዘው ከየቤታቸው ይወጣሉ፤ በዳዩ ካሳ ሳይክስ አይመለሱም። ወንዱም ይህን ያከብራል። ይህ የሴቶች ኃይል ፊልሙ ውስጥ ቢገባ ኖሮ አርሲ የወንዶች ሸንጎ ብቻ እንዳልሆነ ይታይ ነበር። ግን ደግሞ ራሴን እሟገተዋለሁ። ሲንቄ የምትሰጠው በወግ ለተዳረችው ነው። ከመንገድ ተነጥቃ የሄደችው ልጅ ምን ይዛ ትወጣለች? የእናቷን በትር ሳትቀበል ነው የሄደችው። ያቺ የ14 ዓመት ልጅ ያገኘችው ጠመንጃ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስሟ። በፊልሙ ውስጥ ልጅቱ «ሂሩት» ተብላለች። ይህን ስም ስሰማ ትዝ ያለኝ በ1957 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ነው፤ እላላ ኢብሳ የሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው?»። ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ እንጃ። ነገር ግን የፊልማችን ታሪክ አንዲት ሂሩት በተጠየቀችበት ጥያቄ ተጀምሮ፣ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ሌላ ሂሩት ዘንድ ደረሰ። የመጀመሪያይቱን የጠየቅናት «አባትሽ ማነው?» ብለን ነው። ሁለተኛይቱንስ ምን ብለን ጠየቅናት?

እዚህ ላይ ነው የነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም ምሽት የሚመጣው። ፊልሙ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ አዳራሹ በእንግዶች ተሞልቷል። መብራቱ ሊጠፋ ሲል አዘጋጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ፊልሙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱን ተናገረ። ያሳገደው ሳንሱር አልነበረም። ለእገዳው ምክንያት የሆነችው ባለ ታሪኳ ናት። ያቺ የ14 ዓመት ልጅ አድጋ፣ «ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ» ብላ ለፍርድ ቤት አመልክታ ነበር።

የዚያን ክርክር ጥፋተኛና ጻድቅ ለመለየት እዚህ አልተቀመጥኩም። የፊልሙም ሰዎች ስሟን ለውጠዋል፤ ልፋታቸውም ለሌሎች ልጆች እንደ ነበር ከሥራቸው ይታያል። ግን የአገራችንን የመድረክ ታሪክ ያየ ሰው፣ ይህ ጥያቄ ለምን ከዚያ በፊት እንዳልተነሣ ይገባዋል። እኛ የእውነተኛ ሰው ታሪክ ስንጫወት የኖርነው ከሙታን ጋር ነው። ፀጋዬ ገብረ መድኅን አፄ ቴዎድሮስን መድረክ ላይ ሲያወጣቸው ንጉሡ ካረፉ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። አቡነ ጴጥሮስም ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ከረሸናቸው በኋላ ነው የቴአትር ሰው የሆኑት። ከመቃብር ተነሥቶ «ይህን አላልኩም» የሚል የለም። ስለዚህ «ባለቤቱን ጠየቅኸው ወይ?» የሚል ልማድ አላዳበርንም። በሕይወት ያለን ሰው ታሪክ ስንነካ፣ ኃይሌን ያህል ስም ያለው ከሆነ በሩን አንኳኩተን፣ «ና፣ ራስህን ሆነህ ተጫወት» እንለዋለን። ስም የሌላት የገጠር ልጅ ስትሆን ግን ታሪኳ የአገር ነው፣ የሕግ ነው፣ የትምህርት ነው እንላለን። የሁሉም ይሆንና ለእርሷ አይተርፍም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያየሁት ደግሞ እዚያው አርሲ ውስጥ ነው። ከአሰላ ወደ ደቡብ ስንወርድ በምናገኛት በበቆጂ፣ የእነ ደራርቱ ቱሉ አገር፣ ጄሪ ሮትዌል የተባለ እንግሊዛዊ «የሯጮች ከተማ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይቷል። በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥር የሚሮጡ ሁለት ልጃገረዶችን ዓመታት እየተመላለሰ ይከተላቸዋል። ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም። ትልቅ ድራማ የለውም። ጭቃው፣ ብርዱ፣ የማለዳው ልምምድ ነው። ግን ልጆቹ ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የራሳቸው ታሪክ ባለቤት መሆናቸው ይነበባል።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ።

«ድፍረት»ን ለአክስቴ ያሳየሁት በ2008 ዓ.ም ነው። የልጅ ልጃቸው ላፕቶፑን ከመደቡ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ አስቀመጠላቸው። አክስቴ የቴሌቪዥን ድራማ ሰው ናቸው፤ ገጸ ባሕርያቱን በስማቸው እየጠሩ ይመክራሉ፣ ይራገማሉ፣ «አትመኚው አላልኩሽም!» ይላሉ። የዚያን ቀን ግን ድምፅ አላሰሙም። ፈረሶቹ ሲመጡ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ጠመንጃው ሲጮህ አልደነገጡም። ሲያልቅ ቡና እንደ መጠጣት አሉና ጠየቁኝ።

«እውነት የሆነ ነገር ነው?»

«አዎ እትዬ፣ እዚሁ አርሲ የሆነ ነው።»

«ልጅቱ አለች?»

«አለች። ፊልሙን አሳግዳው ነበር» አልኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ነገሩን እንደማይወዱት ጠብቄ ነበር። «ይኼን ያህል ለፍተውላት?» ይሉ ይሆናል ብዬ ነበር። አክስቴ ሲኒውን አስቀመጡና፣

«ልጅቱን ጠየቋት ወይ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም መልስ አልጠበቁም። ግን ያቺ ጥያቄ ከፊልሙ አልፋ የት እንደምትደርስ ወዲያው ገባኝ። በ1957 ዓ.ም ሽማግሌዎቹ አባታቸውን ጠይቀዋል፤ አጎቶቻቸውን ጠይቀዋል፤ ካሳው ስንት እንደሚሆን ጠይቀዋል። የጎደለችው አንዲት ነገር ይህች ጥያቄ ነበረች።

ባላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰባት ልጅ ወልደዋል፤ ሲሞቱም አክስቴ ከልባቸው አልቅሰዋል። ይህን የምጽፈው ሰውዬውን ለመክሰስ አይደለም። ሰው በደግ ቤት ውስጥ ኖሮም አንድ ሳይጠየቅ ያለፈ ጥያቄ ይዞ ሊያረጅ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ያለፈው ፋሲካ ተሰብስበን ነበር። አጎቴ ዐርፈዋል። ልጃቸው የአባቱን ወግ ወርሶ፣ ያንኑ የከታር ወንዝ ጨዋታ ጀመረ። በቅሎዋ ቆመች፤ ባርኔጣው ወደቀ፤ ልጆቹ መሣቅ ጀመሩ። አክስቴ ከጓዳ ወጥተው «ቆይ፣ እኔ ልንገራችሁ» አሉ። ስልሳ ዓመት ሙሉ በቤታችን ሲተረክ በኖረ ታሪክ ላይ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

በእርሳቸው ታሪክ ውስጥ ባርኔጣ የለም። ዱቄት ነው ያለው። ከወፍጮ የተሸከሙት የገብስ ዱቄት ሲይዟቸው ስልቻው ተቀደደ፤ ዱቄቱ ጭቃው ላይ ነጭ ሆኖ ፈሰሰ። «እኔ የፈራሁት እነሱን አልነበረም» አሉ። «እናቴን ነው። ዱቄቱን ደፋሽው ብላ ትገርፈኛለች ብዬ ነው ያለቀስኩት። ገብሱን ስንለቅመው የሰነበትነው እኔና እሷ ነበርን። ከዚያ በኋላ እናቴን ሳያት ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። ስለ ዱቄቱ አልጠየቀችኝም።»

የሣቀ አልነበረም። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ «ከዚያስ?» አለች። «ከዚያማ ይኸው እናንተ መጣችኋ» ብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ።

እኔ አሰላዊ ተመልካች ነኝና፣ በልቤ የጠየቅሁት ያንኑ የቪዲዮ ቤቱን ጥያቄ ነው፤ ነገሩ እንዲህ ነበር ወይ? እንዲህ ነበር። ባለቤቷ መስክራለች።

ማታ ሰው ከተበተነ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ይህን ነገር መጽሔት ላይ ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ረጅም ጊዜ እሳቱን ሲያዩ ቆዩ።

«ስሜን አትጻፍ» አሉኝ። «ዱቄቱን ግን ጻፍ።»